አውራ ዶሮ በቁመናው አይመረጥም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ዶሮ ዝርያ ማሻሻል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንዱ ምክራችሁ ግን አልተዋጠልኝም። ለዘር ትልልቆቹ ይቅሩ፣ ሥጋውም እንቁላሉም ይጨምራል ብላችኋል። ሥጋው፣ እሺ። እንቁላሉ ግን እንጃ!

ክብደት ከወላጅ ወደ ጫጩት በደንብ ይወረሳል። ለዚህም ነው በሥጋ ዶሮ ላይ ምርጫ ተአምር የሠራው። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. የ1957ን ዝርያ ከ2005ቱ ጋር ያንኑ መኖ እየሰጡ አሳደጉ። በ56 ቀን የድሮው 905 ግራም፣ አዲሱ 4,202 ግራም መዘነ። ታዲያ የእነዚህ ግዙፎች እናቶች እስኪጠግቡ ከበሉ ይወፍሩና እንቁላል መጣላቸው ይበላሻል። መኖ የሚሰጣቸው ተመጥኖ ነው። የእንቁላልና የሥጋ ዝርያ መንገዳቸው የተለያየው ወዶ አይደለም።

አውራው ደግሞ ጭራሽ እንቁላል አይጥልም። ግን የጫጩቶቹ ግማሽ ዘር የእሱ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው በእናቱ፣ በእህቶቹ፣ ኋላም በሴት ልጆቹ ነው። ይህ መዝገብ ይፈልጋል፤ የትኛዋ ስንት ጣለች፣ እንቁላሏ ስንት መዘነ፣ የትኛው ጫጩት የማን ነው። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ያለ እሱ ግን ምርጫው ግምት ብቻ ይሆናል።

መዝገቡም ቢሆን ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። አንዳንዷ ዶሮ ብዙ የምትጥለው ጎረቤቶቿን እየነቆረችና መኖ እየከለከለች ነው። እሷን ለዘር ስታስቀር ጉልበተኛ እያራባህ ነው። ዊሊያም ሚዩር የተባሉ አሜሪካዊ የዘረመል ተመራማሪ ይህን አይተው፣ ነጠላ ዶሮ ከመምረጥ ይልቅ በአንድ ኬጅ (የሽቦ ቤት) የሚኖሩትን በጅምላ መረጡ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ የዓመቱ ሞት ከ68 በመቶ ወደ 8.8 በመቶ ወረደ። እንቁላሉም ጨመረ። እኔ ብሆን ጽሑፉን የምጀምረው ከዚህ ነበር።

አንድ ልመና አለኝ። ብዙ አርቢ የተዳቀለ ጫጩት ይገዛና ከእነዚያው ዘር ለማስቀረት ይሞክራል። ልጆቹ ግን እንደ እናቶቻቸው ወጥ አይሆኑም፤ አንዷ ጥሩ ስትጥል ሌላዋ ታሳፍራለች። ምክንያቱን በሚቀጥለው እትማችሁ ብታብራሩት ብዙ ሰው ከኪሳራ ይድናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ