ለአራዳ ልጆች በሙሉ፦ አልበሞቻችንን አብረን እናትርፍ

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ካዛንቺስ ላደጋችሁ ሁሉ፣ አገር ቤትም ውጭም ላላችሁ። የሰፈራችንን የቤተሰብ ፎቶዎች ከነታሪካቸው ለመሰብሰብ በእድራችን በኩል ተነስተናል። ገንዘባችሁንም ጉልበታችሁንም እንፈልጋለን።

የቸኮልነው ሰዉ ስለተበተነ ነው። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ከካዛንቺስ ስንትና ስንት ጎረቤት ተነሳ። ገላን ጉራ የገባ አለ፣ አራብሳ የገባ አለ። ፎቶው በየቤቱ አሁንም ይኖራል። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው የሚያውቀው ጎረቤት ግን ሩቅ ሄዷል።

ግቢ ውስጥ ያደገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የልደት ፎቶ ላይ ድፎ ዳቦ ከሚቆርሰው ልጅ ኋላ የተደረደሩት የጎረቤት ልጆች ናቸው። ለአልበሙ ባለቤት ዛሬ ማንነቱ የጠፋበት ፊት፣ ሦስት በር ወዲያ ለነበሩት እናት የገዛ ልጃቸው ነው። ምናልባት የዚያ ልጅ ሌላ ፎቶ በእጃቸው የለም።

አንዲት የእድራችን እናት ያሳዩን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ፎቶ ቤት የተነሱት ነው። ከኋላ አበባ የተሳለበት መጋረጃ አለ። ሁለት ልጃገረዶች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል፤ አንዷ የእጅ ሰዓቷ እንዲታይላት ክንዷን ወደ ደረቷ አጥፋለች። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ለማስታወሻ» ተብሏል እንጂ ስም የለም። እማማ ጣታቸውን ሰዓቱ ላይ አሳርፈው የእሳቸው መሆኑን፣ ጓደኛቸው ለፎቶው ብላ እንደተዋሰቻቸው ነገሩን። ስሟን፣ የት እንደተዳረች፣ ከሰፈር ለምን እንደወጣች ሁሉንም አወሩን። ይህን የጻፈው ማንም የለም። እድሜ ይስጥልን፣ እማማ ባይኖሩ ያ ፎቶ የሁለት የማይታወቁ ሴቶች ፎቶ ሆኖ ይቀር ነበር።

አርመኖቹ ቦያጂያኖች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የነገሥታቱን ፎቶ አንስተዋል። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ ደህና ጠባቂ አላጣም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም የቆዩ ፎቶዎችን ይዟል። የእናቶቻችንን ፎቶ ግን ከእኛ ሌላ የሚጠብቅ የለም። ተራ የቤተሰብ ፎቶ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ማየት የፈለገ መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብቶ ግድግዳውን ይመልከት።

ገንዘቡ የሚውለው ጥሩ ስካነር ለመግዛት ነው። ስልክ ነጸብራቅ ያመጣል፤ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) በስካነር የተነበበች ትንሽ ጉርድ ፎቶ ግን በእጥፍ አድጋም ጥራቷን አታጣም። ሁለት ሃርድ ዲስክና ከአሲድ ነጻ የሆኑ ፖስታዎችም ያስፈልጋሉ፤ ያ የሚጣበቀው የአልበም ገጽ ማስቲሹ እየበለዘ ፎቶውን ይበላዋል። የቀረው የትራንስፖርት ነው። መቅረጫ ይዘው አረጋውያንን የሚያነጋግሩ ወጣቶች አራብሳና ገላን ድረስ ይመላለሳሉ።

ስጋት እንዳይገባችሁ፦ ዋናው ፎቶ እኛ ዘንድ አያድርም። ባለቤቱ ፊት ተነቦ እዚያው ይመለሳል። ቤተሰቡ ካልፈቀደ የትም አይለጠፍም። አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ለእድሩ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ቦታ ይቀመጣል።

ከ100 ብር ጀምሮ የቻላችሁትን ለእድሩ ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ደረሰኝ ተቀበሉ። ውጭ ያላችሁ በቤተሰብ በኩል ላኩ። ሂሳቡ በየስብሰባው ይነበባል። ገንዘብ ያጠረው ደግሞ አንድ ቅዳሜ ይስጠን፤ አያቱን ይዞ ቢመጣማ ከገንዘብ በላይ ነው።

አንድ አደራ። የክረምት እርጥበት የገባበት ፎቶ ከፍሬሙ መስታወት ጋር ይጣበቃል። በግድ አታላቅቁት፤ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነፍሬሙ ይዛችሁት ኑ።