የተፈጥሮ ምርጫ ምልክት ሁሉ ማስረጃ አይደለም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

በሳይንስ ዓምዳችሁ የወጣውን፣ በሰው ልጅ ጂኖም (በመላው ዲኤንኤው) ውስጥ የተፈጥሮ ምርጫ፣ ማለትም ጠቃሚ ባሕርይ ያላቸው ይበልጥ በመራባታቸው የባሕርዩ መስፋፋት፣ አሻራ እንዴት እንደሚፈለግ የሚያስረዳ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። እንዲህ ያለ ከባድ ርዕስ የጋዜጣ ገጽ ማግኘቱ ያስመሰግናል። ሆኖም ጽሑፉ በስሌት የተገኘን ምልክት ሁሉ እንደ ተረጋገጠ ታሪክ አድርጎ ማቅረቡ አንባቢን ያሳስታል ብዬ ስለማምን ይህን አስተያየት ልኬያለሁ።

የፍለጋው መነሻ ሐሳብ ጆን ሜይናርድ ስሚዝና ጆን ሄይግ እ.ኤ.አ. በ1974 ያቀረቡት ትንታኔ ነው። ጠቃሚ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) በአንድ ክሮሞሶም (የዲኤንኤ ጥቅል) ላይ ተከስቶ በምርጫ ሲስፋፋ ብቻውን አይስፋፋም፤ በግራና በቀኙ ያሉትን፣ ራሳቸው የማይጠቅሙ የማይጎዱ የዲኤንኤ ፊደላት አስከትሎ ነው። ከእናትና ከአባት የተወረሱት ክሮሞሶሞች ወደ ቀጣዩ ትውልድ ሲተላለፉ ክፍሎቻቸውን ስለሚለዋወጡ ግን ይህ ተከታይ ቁራጭ ዘመን በገፋ ቁጥር እየተበጣጠሰ ያጥራል። ስለዚህ በብዙ ሰዎች ዘንድ የሚገኝ፣ ዙሪያው ግን ገና ረጅምና ያልተበጣጠሰ ልዩነት ሲታይ፣ በአጭር ጊዜ ውስጥ በፍጥነት ተስፋፍቷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ይሆናል። ፓርዲስ ሳቤቲና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ይህንኑ መንገድ ተጠቅመው ወባን ከመቋቋም ጋር የተያያዘውን የጂ6ፒዲ ዘረመል መርምረዋል።

ጽሑፉ በምሳሌነት ያነሣው የላክቴዝ (የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም) ጉዳይ በእርግጥ ጠንካራ ነው። አዋቂዎች የወተትን ስኳር መፍጨት እንዲችሉ የሚያደርገው በአውሮፓ የተለመደው ለውጥ፣ ከላክቴዝ ዘረመል 14,000 ያህል ፊደላት ርቆ በጎረቤቱ ኤምሲኤም6 ዘረመል ውስጥ የሚገኝ የአንዲት ፊደል ልዩነት ሲሆን፣ አብሮት የተስፋፋው ቁራጭ ከአንድ ሚሊዮን ፊደላት በላይ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የሣራ ቲሽኮፍ ቡድን በምሥራቅ አፍሪካ ከብት አርቢዎች ዘንድ ተመሳሳይ ውጤት የሚያስገኙ ሌሎች ሚውቴሽኖችን አገኘ። በተለያየ ቦታ ለየብቻቸው የተነሡ ለውጦች ወደ አንድ ጥቅም ማምራታቸውና ሥራቸውም መታወቁ ነው ማስረጃውን ያጠነከረው፤ የቁራጩ ርዝመት ብቻውን ይህን ያህል አያስተማምንም ነበር።

ለምን ቢባል፣ ተመሳሳይ ምልክት ያለ ምንም ምርጫ ሊፈጠር ይችላል። ቁጥሩ ተመናምኖ እንደ ገና የበዛ ሕዝብ አንዳንድ ልዩነቶችን በዕድል ብቻ ያበዛል። ከዚህም በላይ መላውን ጂኖም ፈትሾ እጅግ ጎልተው የታዩትን ቦታዎች የሚመርጥ ጥናት፣ ምርጫ ጨርሶ ባይኖር እንኳ ጎልተው የሚታዩ ቦታዎችን ማግኘቱ አይቀርም። ኤችአይቪን የሚከላከለው፣ ቫይረሱ ወደ ሴል ሲገባ የሚጠቀምበትን ፕሮቲን የሚሠራው የሲሲአር5 ዘረመል ጉድለት ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዕድሜው 700 ዓመት ያህል ነው ተብሎ ስለ ተገመተ፣ እንደ ወረርሽኝ ያለ ብርቱ ምርጫ አበዛው የሚለው ታሪክ በስፋት ተወራ። በ2005 በተሻለ የጂኖም ካርታ ሲታይ ግን ዕድሜው ከ5,000 ዓመት በላይ ሊሆን እንደሚችልና ሁኔታውም ከሌላው ጂኖም ብዙም እንደማይለይ ተገለጸ። የመጀመሪያው ዜና ዛሬም ሲደጋገም እሰማለሁ፤ እርማቱን ግን ስንቱ ሰምቶት ይሆን?

ይበልጥ የሚያሳስበኝ በብዙ ዘረመሎች የሚወሰኑ ባሕርያት ጉዳይ ነው። በቁመት ላይ እያንዳንዳቸው ኢምንት ተጽዕኖ ያላቸውን እጅግ ብዙ ልዩነቶች በመደመር፣ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ከደቡቦቹ የረዘሙት በተፈጥሮ ምርጫ ነው የሚል ድምዳሜ ለዓመታት ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት ቡድኖች ስሌቱን የግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ በያዘው የብሪታንያ ባዮባንክ (የጤናና የዘረመል መረጃ ክምችት) ላይ ሲደግሙት፣ ምልክቱ በአብዛኛው ከሰመ። የቀድሞው መረጃ ከብዙ ሕዝቦች የተሰባሰበ ስለ ነበር፣ በትውልድ ሐረግ ልዩነት የመጣ ጥቃቅን መዛባት በየፊደሉ ላይ ቀርቶ ነበር፤ መዛባቱ በአንድ አቅጣጫ ሲደመር ገዝፎ ምርጫ መሰለ። ጽሑፋችሁ የሕዝቦችን የባሕርይ ልዩነት ከተፈጥሮ ምርጫ ጋር አያይዞ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያለፈው ነገር ከዚህ አንጻር ሊታረም ይገባዋል፤ እንዲህ ያለ አነጋገር በቀላሉ ለዘረኝነት መሣሪያ ይሆናልና።

ከጥንታዊ አጥንት ስለሚወጣው ዲኤንኤም ጽሑፉ አንዳች አላለም፤ የአንድን ልዩነት መብዛት በየዘመኑ በቀጥታ ለማየት የሚያስችለው ግን እርሱ ነው። የአውሮፓው የላክቴዝ ልዩነት የተበራከተው ሰዎች ወተት መጠቀም ከጀመሩ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ መሆኑ በዚሁ መንገድ ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሰፊ ጥናትም የወተት አጠቃቀም መስፋፋት ብቻውን ለልዩነቱ መብዛት በቂ ማብራሪያ እንዳልሆነ አሳይቶ፣ ረሃብና ተላላፊ በሽታ የነበራቸውን ድርሻ አመልክቷል። የምርጫው መኖር በማያጠራጥርበት በዚህ ጉዳይ ላይ እንኳ ምክንያቱ ገና እያከራከረ ነው። ዓምዱ ወደዚህ ርዕስ ከተመለሰ ክርክሩን ቢያስነብበን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዓምዱ ተከታታይ