የጥገና ክበብ ዘገባ፦ ያገለገሉ ትናንሽ ሞተሮች ግዢና ጥገና በ2017 የትምህርት ዘመን

የጥገና ክበባችን በዚህ ዓመት ያተኮረው በአንድ ሥራ ላይ ነው፤ ይኸውም ያገለገሉ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮችን ገዝቶና ጠግኖ የመሥሪያ ክፍላችንን ኮምፕሬሰር (አየር መጭመቂያ) እና መሳያ ድንጋይ (የብረት መሞረጃ) ማንቀሳቀስ ነው። በአዳማ ኮረብታዎች ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች ከግቢያችን ቢታዩም፣ የመሥሪያ ክፍሉ ከኤሌክትሪክ መስመር የራቀ በመሆኑ የራሳችንን ኃይል መፈለግ ግድ ሆኖብናል።

አዳማ ለዚህ ሥራ የተመቸች ከተማ ናት። በወንጂ፣ በቆቃና በመቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ስለሚለማ የውሃ ፓምፕ ሞተር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ያረጀውም ከአሮጌ ብረታ ብረት ነጋዴዎች ዘንድ አይጠፋም። እኛ የመረጥነው ባለ 163 ሲሲውን ሆንዳ ጂኤክስ160 እና በእሱ አምሳያ የተሠሩትን የቻይና ሞተሮች ነው። ምክንያታችን ቀላል ነው፤ ካንዴላው (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) እና የፒስተን ፋሻው (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) በቀላሉ ይገኛል። መለዋወጫ የሌለው ሞተር በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው።

በግዢ ጊዜ አባላቱ የተማሩት ትልቁ ነገር አዲስ ቀለም የተቀባንና አስቀድሞ የሞቀን ሞተር መጠራጠር ነው። የሞቀ ሞተር ሲቀዘቅዝ የሚኖርበትን የመነሳት ችግር ይደብቃል። ስለዚህ ሻጩን ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ እንድንጠብቅ እንዲፈቅድልን እንለምናለን፤ ከዚያም ገመዱን በዝግታ ስበን የፒስተኑን ግፊት በእጃችን እንለካለን። ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ጠንከር ብሎ እጅን ካልያዘ ቫልቩ ወይም ፋሻው አልቋል ማለት ነው። ካንዴላው ተፈትቶ ጫፉ በዘይት ከራሰ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ግን ቤንዚን በዝቶበታል፣ ይህም ብዙ ወጪ የለውም። በእኔ ግምት ቆሞ የተገኘና ማንም ያልነካካው ሞተር፣ በየጋራዡ ተፈታቶ ከመጣው ይሻላል።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። የአንዳንድ ፓምፕ ሞተሮች ዋና ዘንግ ጫፉ እንደ ብሎን ጥርስ የወጣለት ነው፤ የጄነሬተሩ ደግሞ ወደ ጫፉ እየሾለ ይሄዳል። በሁለቱም ላይ ተራ ፑሊ (ቺንጋ፣ ማለትም የጎማ ቀበቶ፣ የሚዞርበት መንኮራኩር) አይገባም። ለፑሊ የሚመቸው ቀጥ ያለና የቁልፍ (ፑሊውን ከዘንጉ ጋር የምትይዝ ትንሽ ብረት) ቦይ የተቆረጠለት ዘንግ ነው፤ ስለዚህ ከዋጋ በፊት ዘንጉን ማየት ያስፈልጋል።

ከገዛናቸው አንዱ ሲነሳ እያሳለ ይጠፋ፣ ገመዱንም ወደ ኋላ ይነጥቅ ነበር። አባላቱ ካርቡራተሩን ፈትተው ጅግለር የምትባለውን ባለቀዳዳ ትንሽ ናስ በሽቦ ሳይሆን በአየር አጸዱ፤ ሽቦ ቀዳዳዋን ያሰፋዋልና። የካንዴላውንም ክፍተት ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አስተካከሉ። ሞተሩ ግን አልተሻለውም። በመጨረሻ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቮላኖውን (በዘንጉ ላይ የሚዞረውን ከባድ መንኮራኩር) ፈትታ በዘንጉና በቮላኖው መካከል ያለችውን ትንሽ ቁልፍ አወጣች፤ ቁልፏ ወደ ጎን ተሸራርፋ ነበር። ምናልባት ፓምፑ ድንጋይ ጎርሶ ድንገት ሲቆም ቮላኖው በራሱ ፍጥነት ዞሮባት ይሆናል። ያቺ ጥቂት ዝንፈት ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበትን ሰዓት ስታዛባ ሞተሩን ለማሳበድ በቂ ነበረች። አዲስ ቁልፍ ሲገባለት ሞተሩ በመጀመሪያው ገመድ ተነሳ፤ ተማሪዋም እጇን ሳትታጠብ ወደ ሒሳብ ክፍሏ ገባች።

ፍጥነቱን ማስተካከል ለሒሳብ መምህራኑም ጥሩ ምሳሌ ሆኗል። ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ዙር ሲዞር፣ በእሱ ላይ 80 ሚሊ ሜትር፣ በኮምፕሬሰሩ ላይ 240 ሚሊ ሜትር ፑሊ ቢገጠም የኮምፕሬሰሩ ዙር 1,200 ይሆናል። መሳያ ድንጋይ ግን በላዩ ከተጻፈው ከፍተኛ ዙር ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ሊፈነዳ ይችላል።

አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሩ ይሳሳል፤ በዚህ ምክንያት ሞተሩ ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል፤ ለባሕር ዳርቻ የተዘጋጀው ካርቡራተርም ቤንዚን ያበዛል። ከዚህ የከፋው ግን ነፋሳችን የሚያመጣው አቧራ ነው። የአየር ማጣሪያው በየሳምንቱ ይጸዳል፤ ዘይቱም መመሪያው ከሚያዘው 100 ሰዓት ቀድሞ ይቀየራል። ይህ ሞተር ከ0.6 ሊትር ያልበለጠ ዘይት የሚይዝና የዘይት ፓምፕ የሌለው በመሆኑ፣ ጥቂት ቢጎድልበት እንኳ ይነክሳል፤ ማለትም ውስጡ ተጣብቆ ይቆማል።

ሞተር በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነሳም፤ ጭሱ ሽታ በሌለው ጋዝ ይገድላል። በጋለ ሞተር ላይም ቤንዚን አይሞላም። እነዚህ ሁለት ደንቦች በበሩ ላይ ተለጥፈዋል፤ የጣሰም ለዚያ ቀን ከክፍሉ ይወጣል።

ለክረምቱ የሁሉም ሞተሮች ታንከርና ካርቡራተር ተራግፏል፤ ቤንዚን ቆይቶ ሙጫ ስለሚሆን። ለመጪው ዓመት የሚያስፈልጉን ትርፍ ቺንጋዎች፣ ለቺንጋዎቹ የብረት መከለያና የዓይን መከላከያ መነጽር ናቸው፤ መነጽሩ ካልተገኘ መሳያ ድንጋዩ ሥራ አይጀምርም።