የጎደለኝ ሁለተኛ ዲግሪ ነው ወይስ የግብር ማረጋገጫ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በግሉ ዘርፍ ልምድ ያካበቱ ባለሙያዎች ወደ መንግሥት ሥራ እንዲመጡ የሚያበረታታውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፋችሁን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ አስቀድማችሁ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ በሚለው ምክሩ ግን አልስማማም። ምክንያቴንም ራሴ ካለፍኩበት ተነሥቼ ላስረዳ።

ዕድሜዬ 41 ነው። በሒሳብ አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዤ ላለፉት 17 ዓመታት እዚሁ ድሬዳዋ በትራንዚት ሥራ ቆይቻለሁ፤ ሥራዬ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ ሰነድ) ማዘጋጀት፣ በደረቅ ወደቡ ኮንቴይነር ማስፈተሽ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ ለምን እንደዘገየ ለነጋዴው ማስረዳት ነው። በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው ከተማችን በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ሲመረቅላት፣ ይህን ሁሉ ዘመን በባለጉዳይነት ያየሁትን አሠራር ከውስጥ ገብቼ ማገዝ እችላለሁ የሚል ሐሳብ አደረብኝ። የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ስለሆነ የቀሩኝ 19 ዓመታት ናቸው፤ ከእነዚህም ላይ ለትምህርት የሚቀነሰው ጊዜ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

መጀመሪያ ያሰብኩት በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ነበር። ቅርብ ያሉኝ ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ወደ 40 ኪሎ ሜትር የሚርቀው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ለዚሁ ዓላማ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የዛሬው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ቤቱን ጥሎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊማር አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ሰው ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት። ለፈተናው ስዘጋጅ ከልጄ የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ መጀመሬን፣ ልጄም ስሳሳት በደስታ ያርመኝ እንደነበር አልደብቅም።

ነገር ግን የሥራ ማስታወቂያዎችን አንድ በአንድ ማንበብ ስጀምር ስሌቴ ተፋለሰ። ለእኔ ሙያ ቅርብ ከሆኑት መደቦች አብዛኞቹ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ዲግሪና አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ ነው። በሥራ ምዘናና ደረጃ ምደባው አሠራር ደመወዝ የሚወሰነው ለሥራ መደቡ ስለሆነ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ በሚጠይቅ መደብ ላይ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ መቀመጥ የደመወዝ ጭማሪ አያመጣም። ከዚህም በላይ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ ተልኮ ሲማር ወጪው ይሸፈንለትና በምላሹ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ውል ይገባል። እኔ ቀድሜ ብማር ከኪሴ የምከፍለውን፣ ቀድሜ ብገባ መሥሪያ ቤቱ ሊከፍልልኝ ይችላል፤ የምማረውም ከያዝኩት ሥራ ጋር የሚሄድ ይሆናል። ስለዚህ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው መቅደም ያለበት ቅጥሩ ነው ብዬ ደመደምኩ።

እውነተኛው እንቅፋት የገጠመኝ ከዚህ በኋላ ነው። ማስታወቂያዎቹ ግርጌ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር ስለመከፈሉ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል ትላለች። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት የሠራሁበት ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ባለቤቱም አገር ውስጥ የለም። ከደመወዜ ግብር ሲቆረጥ ኖሯል፤ ማረጋገጫውን ለማውጣት ግን ድርጅቱ ራሱ በደብዳቤ መጠየቅ አለበት ተባልኩ። በሌለ ድርጅት ስም ደብዳቤ ማን ይጽፍልኛል? እነዚያ ዓመታት ባለመቆጠራቸው ላመለከትኩበት የቡድን መሪ መደብ ልምዴ አነሰና ለፈተና እንኳ ሳልጠራ ቀረሁ። ሁለተኛ ዲግሪ ቢኖረኝም ያችን ወረቀት አይተካልኝም ነበር።

የቁጥጥሩን አስፈላጊነት አልክድም፤ ሐሰተኛ የሥራ ልምድ እንደሚቀርብ በዘርፉ ያለን ሰዎች እናውቃለን። ይሁን እንጂ ከግብሩ ማረጋገጫ ጎን ለጎን ሌላ ታማኝ ማስረጃ ሞልቷል። በአዋጅ ቁጥር 715/2003 የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሽፋን ካገኙ ወዲህ መዋጮው በየሠራተኛው ስም ይመዘገባል፤ ዛሬ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ይከፍላሉ። ይህንን መዝገብ አሠሪው የጻፈው ደብዳቤ ሊያዛባው አይችልም፤ ድርጅቱ ቢዘጋም መዝገቡ አይጠፋም። መዝገቡ ተቀባይነት ቢያገኝ ከጎደሉኝ ስድስት ዓመታት ቢያንስ አራቱ ይቆጠሩልኝ ነበር።

በቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 የራሱ አስፈጻሚ አካላት ያሉት የድሬዳዋ አስተዳደር ይህንን ጉዳይ ከሚመለከታቸው የፌዴራል አካላት ጋር ተነጋግሮ ቢያስፈቅድ፣ በማስታወቂያዎቹም ላይ «አግባብነት ያለው ልምድ» በሚለው ሐረግ ብቻ ሳይወሰን የትራንዚት፣ የሎጂስቲክስ ወይም የሒሳብ ሥራ ለየትኛው መደብ እንደሚያዝ በግልጽ ቢጽፍ፣ ብዙ ሰው ገንዘቡንና ቅዳሜና እሁዱን ከማውጣቱ በፊት መንገዱን ያውቅ ነበር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ባረፈበት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል።

እኔ በበኩሌ ለትምህርት ያስቀመጥኩትን ገንዘብ እስካሁን አልነካሁትም። የጡረታ መዋጮ መዝገቤን አስወጥቼ ከሥራ ልምድ ደብዳቤዎቼ ጋር አያይዤዋለሁ፤ በሚቀጥለው ማስታወቂያም አቀርበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የትራንዚት ባለሙያ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን