የወለንጪቲን ጣቢያ የዘጋው አዲሱ ባቡር አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ አሮጌው ምድር ባቡር ያወጣችሁትን ዘገባ እዚሁ አዳማ ሆኜ አነበብኩት። ለገሃር አለ፣ ድሬዳዋ አለ፣ አዋሽም አልቀረም። ለወለንጪቲ የደረሳት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሱም ስህተት። አዲሱ ባቡር ሥራ ሲጀምር እንደ ወለንጪቲ ያሉ ትንንሽ ጣቢያዎች ተዘጉ ይላል።

ኧረ ባካችሁ! አሮጌው ባቡር በእኛ በኩል ማለፍ ያቆመው በሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። አዲሱ የተመረቀው መስከረም 2009፣ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ 2010 ላይ። በመሃል ያሉት ስምንት ምናምን ዓመታት የት ገቡ? ገና ያልመጣ ባቡር ጣቢያ ይዘጋል እንዴ?

እሺ፣ በእርጋታ እንየው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። የአሁኑ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ራሱን የቻለ ሌላ መስመር። አንዱ ለሌላው ቦታ አልለቀቀም። የድሮው የሞተው ሐዲዱ አርጅቶ፣ ባቡሩ በየጊዜው ከመስመር እየወጣ፣ ጭነቱን ከባድ መኪና እየወሰደበት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተጀመረው ጥገናም ዳር ሳይደርስ ቀረ። እናንተ ግን ችላ መባልን እድገት አስመሰላችሁት።

እናቴ እዚያ ጣቢያ ቆሎና ቅቅል እንቁላል ሸጣ ነው ያሳደገችን። ባቡሩ ከድሬዳዋ ሲገባ ያለውን ግርግር ያየ ያውቀዋል፤ ፊናንሶች (የኮንትሮባንድ ፈታሾች) ፉርጎ ለፉርጎ ሲፈትሹ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ደራርበው እንደ ነፍሰ ጡር ያበጡ ነጋዴ ሴቶች ምንም እንዳልያዙ ሆነው ሲቀመጡ፣ እሷ ደግሞ በመስኮት እንቁላል እያቀበለች ሳንቲም ስትቀበል። ባቡሩ ሲቀር ያ ሁሉ ገበያ አብሮ ቀረ። አስፋልት ዳር ወጣች፤ መኪናው ግን ሽው ብሎ ያልፋታል እንጂ ለቆሎ ብሎ አይቆምም። እሷን አንድ ሰው ቢጠይቃት ባቡሩ መቼ እንደቀረ ሳታስብ ትነግረው ነበር። ማን ይጠይቃት! ጋዜጠኛችሁ የባቡር ታሪክ ለገሃር ተጀምሮ ለገሃር የሚያልቅ ይመስለዋል። (ሐዲዱ የተዘረጋው ከጅቡቲ ተነስቶ ነው እኮ። አዲስ አበባ የገባው በ1909፣ በመጨረሻ፣ ያውም በእኛ ደጅ አልፎ።)

የገረመኝ ደግሞ፣ ወለንጪቲ በአዲሱ መስመር ጣቢያ የላትም። ተዘጋ ካላችሁ አይቀር ይሄንን መጻፍ ነበረባችሁ፤ የድሮው ሄደ፣ አዲሱም እኛ ጋ አይቆምም። ለእኛ ዜናው ይሄ ነው።

ማስተካከያ አውጡ። ዓመተ ምህረቱን አርሙ፣ ምክንያቱንም ጻፉ። ጋዜጠኛችሁ መጥቶ ማየት ከፈለገም እናቴ አለች፣ ቡና ታፈላለታለች። ከአዳማ በሚኒባስ ይምጣ፤ በባቡር እመጣለሁ ካለ ግን እኛን አልፎ መተሐራ ወርዶ ይደውልልን።

የወለንጪቲ ልጅ፣ ከአዳማ