ደብዳቤ ለልጄ፦ ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳታውቂ አትፈርሚ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሐሙስ ሠላሳ አምስት ዓመት ይሞላሻል። እናትሽ እንደየዓመቱ ድፎ ዳቦ ትጋግራለች፤ ያንቺን ድርሻ ለጎረቤት ልጆች ትቆርሳለች። ዕድሜሽን ያርዝመው።

ልትገዢው ያሰብሽውን ቤት ፎቶ ደጋግመን አየነው። መውደድሽ አያስገርምም። የእንግሊዟ ሳፍሮን ዋልደን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1141 ጀምሮ ገበያ የቆመባት ከተማ ናት፤ ዛሬም ማክሰኞና ቅዳሜ ይቆማል። እናትሽ ይህን ስነግራት «እንደኛው ቅዳሜ ገበያ» ብላ ደስ አላት። ቀይ ጡብ፣ ሁለት የጭስ ማውጫ፣ ወደ ውጭ ጎበጥ ብሎ የወጣ መስኮት፣ ልጅሽ የምትሮጥበት ጓሮ። ቆንጆ ቤት ነው። ግን ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳታውቂ አትፈርሚ።

ያየሁትን ልንገርሽ። አራተኛው ፎቶ ላይ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከዞኮሎው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ቢጫ መስመር በአግድም ሄዷል። ከመስመሩ በታች ያለው ነጭ ከላይኛው ይበልጥ ይነጣል፤ በቅርብ የተቀባ ነው። አሁን የውጭውን ፎቶ ክፈቺ፤ ያው ግድግዳ ነው። የአበባው መደብ አፈር ግድግዳው ላይ ተከምሯል። ከአፈሩ ጫፍ ብቅ ያለችው ባለ ቀዳዳ ጡብ የወለሉ መተንፈሻ ናት፤ ግማሿ ተቀብሯል። ከላይ፣ አሸንዳው ከተጋጠመበት ቦታ ጀምሮ፣ ጡቡ ላይ አረንጓዴ መስመር እስከ ታች ወርዷል። በጡቦቹ መሀል ያለው ሙሌት ደግሞ ግራጫና ደረቅ፣ ከጡቡ ፊት ወጣ ያለ ነው። ሲሚንቶ ነው። እነዚህ ሁሉ የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው።

የእንዲህ ያለ የድሮ ቤት ግድግዳ እንደ ዛሬው መሀሉ ክፍተት ያለው ድርብ አይደለም። ጡቡን እዪው፤ ረጅሙ ጎንና አጭሩ ራስ እየተፈራረቁ ከተደረደሩ ግድግዳው 23 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ግንብ ነው። ዝናብ ሲመታው ጥቂት ይጠጣል፣ ፀሐይና ንፋስ ሲያገኝ በኖራው መጋጠሚያ በኩል መልሶ ይተፋል። ኖራው ከጡቡ ይለሰልሳል፤ የሚያረጀውም እሱ ነው፣ ጡቡ አይደለም። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ሲደፍኑት ውሃው መውጫ ያጣና በጡቡ ውስጥ ይከማቻል። ክረምት ሲመጣ በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ የጡቡንም ፊት እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። የቀረው ወደ ሳሎንሽ ይገባል።

ደላላው «እርጥበቱን የሚያክም ድርጅት አለ፣ በነፃ ያይልሻል» ይልሽ ይሆናል። እምቢ በዪ። ሁለት ሹል ጫፍ ያለው መለኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ ግድግዳው ላይ ሲሰኩት ይጮኻል። መለኪያው የተሠራው ለእንጨት ነው። በድሮ ልስን ላይ በውስጡ የተጠራቀመው ጨው ብቻ ሊያስጮኸው ይችላል። ከዚያ ግድግዳውን በስተን መድኃኒት ካልወጋን፣ ልስኑን አንስተን በሲሚንቶ ካልለሰንን ይሉሻል። ውሃው የሚገባው ከአሸንዳውና ከአፈሩ ሆኖ ሳለ መርፌው ምን ይሠራል?

የአያትሽን ቤት ታስታውሺዋለሽ። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ክረምት በወጣ ቁጥር ይለሰን ነበር። እኔ ከእንግሊዝ በመጣሁ ጊዜ «እማዬ፣ ከእንግዲህ አትልፊ» ብዬ በሲሚንቶ አስለሰንኩላት። ሁለት ክረምት አማረ። በሦስተኛው ሲሚንቶው ቀጭን ቀጭን ስንጥቅ አወጣ፣ ውሃው በዚያ ገብቶ ከኋላው ታሰረ። የበሩን ምሰሶ በጣቴ ስጫነው ጣቴ እስከ ጥፍሬ ሥር ገባ። የሰው ጡብ በኖራ እየጠገንኩ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ የእናቴን ቤት በገዛ ገንዘቤ አበሰበስኩት። የመጨረሻ ክረምቷን በልጆቿ ቤት እየዞረች አሳለፈችው። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ቢሆንም አልወጣልኝም። የፋሲል ግቢስ ቢሆን? በጣሊያን ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት የተጠገነው በኋላ ተነስቶ በኖራ አይደል የተተካው? ይህን እያወቅሁ ነው የሠራሁት።

እሺ፤ ወደ ቤትሽ ልመለስ።

ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ሂጂ። ባትሪና ካቻቪቴ ያዢ። መንገዱን ተሻግረሽ ጣሪያውን እዪ። የዌልስ ስስ ጥቁር ድንጋይ ከሆነ፣ ድንጋዩ ከመቶ ዓመት በላይ ይኖራል፣ ቀድሞ የሚዝገው ምስማሩ ነው። በየቦታው ተንሸራቶ እርሳስ በሚባለው ለስላሳ ብረት ቁራጭ የተያዘ ካለ፣ ምስማሩ እያለቀ ስለሆነ ሙሉ ጣሪያው በቅርቡ ይነሣል ብለሽ ዋጋው ላይ ተከራከሪ። ቤት ስትገቢ፣ ከዚያ ቢጫ መስመር አጠገብ በተረከዝሽ ወለሉን ምቺው። ከመሀሉ ይልቅ በግድግዳው ጥግ ከተወዛወዘ፣ የወለሉ ተሸካሚ እንጨቶች ጫፍ እርጥብ ግንብ ውስጥ በስብሶ ሊሆን ይችላል። የእንጉዳይ ሽታ ከሸተተሽ፣ ወይም የዛገ ብረት የመሰለ ቀይ ዱቄት ካየሽ፣ እንጨት የሚበላው ፈንገስ ነውና ወለሉ ተነሥቶ ሳይታይ አንድ እርምጃ አትራመጂ። ይህ ፈንገስ እንጨቱ ከመቶ 20 በላይ እርጥበት ካልያዘ አይበቅልም፤ ስለዚህ እሱም ቢሆን የሚጠይቅሽ ያንኑ ነው፦ ውሃው ከየት ገባ?

ከወጥ ቤቱ መታጠቢያ ሥር የሚገባውን ቱቦ በካቻቪቴው ጫፍ ጫር አድርጊው። ለስልሶ እንደ ብር ካበራ እርሳስ ነው፤ ለሕፃን አይሆንም፣ መለወጥ አለበት። የድሮው የበርና የመስኮት ቀለምም እርሳስ አለበትና ልጅቷ ባለችበት በአሸዋ ወረቀት እንዳይፈገፈግ።

የባንኩ ገማች ቤቱን አየው ማለት ተመረመረ ማለት አይደለም፤ እሱ የሚያየው ባንኩ ያበደረው ገንዘብ እንዳይጠፋ ነው። አንቺ የራስሽን ሰርቬየር (የቤት መርማሪ) ያዢ፣ ሌቭል 3 የሚባለውን ጥልቅ ምርመራ እዘዢ፣ በኖራ የተሠራ ቤት የሚያውቅ መሆኑን ቀድመሽ ጠይቂ። ስንጥቅ ካለ ወርዱን ለክቶ ይጻፍልሽ፤ ከ5 ሚሊሜትር ከበለጠ መሠረቱ ይመርመር። የፍሳሽ ቱቦው በካሜራ፣ የመብራት መስመሩ በባለሙያ ይታይ። ጠበቃሽ ደግሞ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ መሆኑን ያጣራ። ከሆነ፣ የቀድሞው ባለቤት ያለፈቃድ መስኮት ለውጦ ቢገኝ «ወደነበረበት መልስ» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው አንቺ ላይ ነው።

ዋጋሽን ተቀበሉ ማለት ተሸጠልሽ ማለት አይደለም። እዚያ አገር ገዢና ሻጭ የፈረሙትን ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ሁለታችሁም ነፃ ናችሁ። ከተለዋወጠ በኋላ ግን ብትተዪው አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው ከመቶ አሥር የሆነውን ቀብድ ታጫለሽ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት አትቸኩዪ። «ሌላ ገዢ አለ» ቢሉሽም አትቸኩዪ፤ ውሃው ከየት እንደሚገባ ሳታውቂ አትፈርሚ ብያለሁ። የቤቱን መድን ውሉ ከሚለዋወጥበት ቀን ጀምረሽ ግቢ፣ ቁልፍ እስክትቀበዪ አትጠብቂ።

ምርመራው ደህና ብሎ ከገዛሽው ሥራውን በቅደም ተከተል አሠሪ። መጀመሪያ አሸንዳው። ቀጥሎ አፈሩ፤ ግድግዳው ሥር እርጥበት እንዲያግድ ከተነጠፈው ስስ ድንጋይ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቆፈር፣ መተንፈሻዎቹ ይከፈቱ። ከዚያ ሲሚንቶው በመሮና በመዶሻ ይነሣ፤ በኤሌክትሪክ መቁረጫ ከሆነ የጡቡን ጠርዝ ይበላዋል። ጥልቀቱ ቢያንስ የመጋጠሚያው ወርድ እጥፍ፣ 25 ሚሊሜትር ያህል ይሁን። ኤን ኤች ኤል 3.5 የሚባለው ኖራ አንድ እጅ፣ አሸዋ ሦስት እጅ። ከ5 ዲግሪ በታች ብርድ ባለበት አይሠራ፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ጥሩ ነው። ሲጨርሱ እርጥብ ጆንያ ይጋረድበት፣ ቶሎ ከደረቀ ይፈረፈራል። የውስጡን ልስንና ቀለም ግን ተዪው። ግንብ በወር 25 ሚሊሜትር ያህል ነው የሚደርቀው፣ ያንቺው ዘጠኝ ወር ይፈልጋል። እስከዚያ ልጅቷን ሳሎኑ ጥግ አታስተኚያት፤ ደረቷ እንደ አያቴ ደረት ነው፣ ሻጋታ አይስማማትም።

ለቀብዱ ከጎደለሽ ንገሪኝ፣ ከወንድምሽ እንዳትበደሪ። ሐሙስ ስትደውዪ ለእናትሽ ስለ ጓሮው ብቻ ንገሪያት፤ ስለ እርጥበቱ እኔና አንቺ እንነጋገራለን። ቅዳሜ ዝናብ ካለ ሄደሽ ከአሸንዳው ሥር ቁሚና ውሃው የሚወርድበትን በስልክሽ ቀርጸሽ ላኪልኝ፤ ከመጋጠሚያው እስከ አበባው መደብ ድረስ፣ ሳታቋርጪ።

አባትሽ
ጎንደር