«የጆንሰን ገጣሚያን» የሚል ጽሑፍ ጀርባቸው ላይ ስላለባቸው ጥራዞች

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ወር ለሽያጭ ያቀረብነውን የ68 ጥራዝ የእንግሊዝ ገጣሚያን ስብስብ ለምን ከዝርዝራችን እንዳነሳነው ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ስለ ስብስቡ የጻፍነው መግለጫ ሁለት ስህተት ነበረበት፤ ሁለቱም የእኛ ናቸው።

አንደኛው «ሙሉ ነው» ማለታችን ነው። ጥራዞቹን ቆጥረን እንጂ ቅጠሎቹን አገላብጠን አልነበረም። እነዚህ መጻሕፍት በታተሙበት በ18ኛው መቶ ዓመት አታሚዎች በየገጹ ግርጌ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል ለብቻው ያትሙ ነበር። ከእርሱም ሌላ ብራና ጠራዦቻችን አንድ ላይ ታጥፎ በሚሰፋው በየሉኩ እጥፍ መጀመሪያ ቁጥር እንደሚጽፉት ሁሉ፣ ሉኮቹ እንዳይዘበራረቁ ፊደልና ቁጥር ያኖሩ ነበር። አንድ ደንበኛችን በስብስቡ ውስጥ ያለውን የገጣሚውን የድራይደንን የሕይወት ታሪክ ሲያነቡ ግርጌ ላይ ያለው ቃልና የሚቀጥለው ገጽ አልገጠሙላቸውም። ስንመረምረው ሁለት ቅጠል ጎድሏል። እኒህን ደንበኛ ከልብ እናመሰግናለን።

ሁለተኛው ስህተት «ግጥሞቹን የመረጠው ሳሙኤል ጆንሰን ነው» ብለን ስለ እንግሊዛዊው ደራሲ መጻፋችን ነው። ያሳሳተን የጥራዞቹ ጀርባ ነው። ነገሩ እንዲህ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1774 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የሕትመት መብት ለዘላለም እንደማይቆይ ወሰነ። ብዙም ሳይቆይ ጆን ቤል የተባለ ነጋዴ ትናንሽና ርካሽ የግጥም ጥራዞችን በኤድንበራ ማሳተም ጀመረ። የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ገበያቸው እንዳይወሰድባቸው ተባበሩና በ1777 በፋሲካ ዋዜማ ወደ ጆንሰን ሦስት መልእክተኞች ላኩ። ለየገጣሚው አጭር መግቢያ እንዲጽፍ ለመኑት፤ እርሱም 200 ጊኒ (የዘመኑ የእንግሊዝ የወርቅ ገንዘብ) ብቻ ጠየቀ። ወዳጁ ማሎን እንደሚለው 1,000 ወይም 1,500 ቢጠይቅም ባልከለከሉት ነበር።

ገጣሚያኑን የመረጡት እንግዲህ ነጋዴዎቹ ናቸው፤ ከ52ቱ ጆንሰን ያስገባው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ስሙ በጥራዞቹ ጀርባ ላይ ሲታተም ያልመረጣቸውንና ያላረማቸውን መጻሕፍት የእርሱ ማለት ታላቅ ድፍረት መሆኑን በጽሑፍ ገልጿል። እኛም ያንኑ ድፍረት ስለ ደገምነው መግለጫውን አርመናል።

የእርሱ የሆነው ስለ ገጣሚያኑ የጻፈው የሕይወት ታሪክ ነው፤ እርሱ ደግሞ ሀብት ነው። አጭር መግቢያ የተባለው እየረዘመ፣ ጽሑፉም እየዘገየ ስለ ሄደ ከግጥሞቹ ተለይቶ በ10 ጥራዝ ወጣ፤ አራቱ በ1779፣ ስድስቱ በ1781። የገጽ ቁጥሩ በአንድ ጥራዝ ውስጥ ደጋግሞ ከ1 ሲጀምር ብታዩ አትደንግጡ። እያንዳንዱ ታሪክ በየገጣሚው ግጥም ፊት እንዲቆም ታስቦ የተጻፈ ነበርና ነው።

ለማንበብ የምትፈልጉ በ1783 የታረመውን እትም ብትገዙ እንመርጣለን። በ1781 በአራት ጥራዝ ለብቻው የወጣውን የያዛችሁ ደግሞ መጨረሻው ላይ የተጨመሩ ጥቂት የእርማት ገጾች ካገኛችሁ እንዳታስነቅሉ። አታሚው ኒኮልስ ለቀድሞው እትም ባለቤቶች ለብቻ ያሳተማቸው ናቸው።

ጆንሰንን ስለ አንድ የአቢሲኒያ ልዑል በጻፈው በራስላስ ልቦለዱ በኩል የምታውቁት ደንበኞቻችን ተርጉሞት በ1735 የታተመውን የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የአባ ሎቦን የአቢሲኒያ ጉዞም ትጠይቁናላችሁ። የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው፤ አምስት ጊኒ ተከፍሎታል። የርዕስ ገጹ «ለንደን» ይላል፤ የታተመው ግን በርሚንግሃም ነው። ስለዚህ «በርሚንግሃም የሚል ቅጂ የላችሁም?» ለምትሉን መልሳችን ይኸው ነው።

ስብስቡ ሁለቱ ቅጠሎች መጉደላቸው በግልጽ ተጽፎ፣ ዋጋውም ተቀንሶ በሚቀጥለው ዝርዝራችን ይወጣል። ቀብድ የከፈላችሁ ሁለት ደንበኞች ገንዘባችሁ በሙሉ ይመለሳል፤ ግዢውን መቀጠል ከፈለጋችሁ ግን ቅድሚያው የእናንተ ነው። ከአሁን ጀምሮ ማንኛውንም ጥራዝ «ሙሉ» የምንለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቅጠል አገላብጠን ካየነው በኋላ ብቻ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
የመጽሐፍ መደብሩ ባልደረቦች